አገር መግባትና መቅረት

በአማርኛችን «አገሩ ገባ» የሚባለው ነገር ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። በዘመቻ ወይም በስደት ርቆ የኖረ ሰው አገሩ ገባ ከተባለ፥ ዘመድ ወዳጁ «እንኳን ለአገርህ አበቃህ» ይለዋል እንጂ «ለምን ገባህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። አባቶቻችን በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜ ወደ ኢየሩሳሌም፥ ወደ ሱዳን፥ ወደ ኬንያና ወደ ጅቡቲ ተሰደው በሰው አገር ሲቆዩ፥ በልባቸው የሚመላለሰው ጥያቄ «መቼ እንገባ ይሆን?» የሚል ነበረ። ከመካከላቸው ችግር ጠንቶባቸው ወይም በጠላት የምሕረት ቃል ተማምነው ቀድመው የገቡ አልጠፉም፤ ዳሩ ግን ጠላት የሚወጣበትን ቀን በተስፋ የጠበቁ ብዙዎች ነበሩ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ሰንደቅ ዓላማችን በኦሜድላ በተተከለች ጊዜም የመግባቱ ነገር ለእነዚህ ጥያቄ መሆኑ ቀረ።

ስለዚህ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን አገር የሆነውን ስናነብ በመጀመሪያ ግር ይለናል። በዚያ ጦርነቱ ካለቀና ጠላት ከተሸነፈ በኋላ፥ ባቡሩም መኪናውም ተዘጋጅቶ «ወደ አገርህ ግባ» ሲባል፥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው «አልገባም» አለ። ይህን ያለው ሰው ምን ዐይነት ሰው ነው? መንግሥታትስ ምን መለሱለት? ልንመለከተው ያሰብነው ይህን ነው፤ ነገሩ የሩቅ ቢመስልም መጨረሻው አዲስ አበባ ድረስ የሚመጣ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ለይተን ካላመለከትን በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህ ሰዎች የሚበዙት ወደ ጀርመን የመጡት በፈቃዳቸው አልነበረም። ሂትለር ወንዶቹን ወደ ጦር ሜዳ በላከ ጊዜ የጀርመን እርሻና ፋብሪካ ሠራተኛ አጣ። በ1942 በማርች ወር ፍሪትዝ ዛውከል የሚባል ሹም ሠራተኛ እንዲሰበስብ ታዘዘና በተያዙት አገሮች ሁሉ፥ ይልቁንም በምሥራቅ በኩል፥ ሰው ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እየታፈሰ በዕቃ ባቡር ይጫን ጀመር። በ1944 በኦገስት ወር በጀርመን መዝገብ የተጻፉት የውጭ አገር ሠራተኞችና የሚሠሩ የጦር ምርኮኞች 7.6 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። የፖላንዱ ሰው የአገሩን ስም የመጀመሪያ ፊደል፥ የሶቪየቱ ሰው ደግሞ «ኦስት» ማለት «ምሥራቅ» የሚል ጨርቅ በደረቱ ላይ ሰፍቶ እንዲሄድ ይገደድ ነበረ። በዚህ ላይ ከሞት ሰፈሮች የተረፉት አይሁድ፥ ከሶቪየት ጦር ፊት የሸሹት የባልቲክ አገሮች ሰዎች፥ ከጀርመን ጋር ተሰልፈው የተዋጉና አሁን መግቢያ ያጡም ተጨመሩ። በሜይ 1945 ጦርነቱ ሲያልቅ ይህ ሁሉ ሕዝብ በመንገድ ላይ ነበረ።

ስለ ፈረንሳዊው፥ ስለ ቤልጂጉና ስለ ሆላንዳዊው ብዙ የምንለው የለንም፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆዩ አገራቸው ገቡ። በጋው ሳያልፍም በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ገባ። ይህን ያህል ሕዝብ በተሰበረ ድልድይና በፈረሰ ሐዲድ ማጓጓዝ እንደ ትልቅ ሥራ ቢቆጠር የሚገባ ነው። ችግሩ የተነሣው ወደ ምሥራቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1945 ያልታ ላይ ሶቪየት ኅብረት ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ጋር ተዋዋለች። ውሉ እያንዳንዱ ወገን ነጻ ያወጣውን የሌላውን ዜጋ ሰብስቦ፥ እየመገበና እየጠበቀ፥ እንዲያስረክብ የሚያዝ ነው። አሜሪካኖቹና እንግሊዞቹ ምክንያት ነበራቸው፤ ጀርመኖች ማርከዋቸው የነበሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮቻቸውን በምሥራቅ ያገኛቸው የሶቪየት ጦር ነውና፥ እነርሱ እንዳይቀሩባቸው ፈሩ። ከውሉ ቃል ውስጥ «በግድ» የሚል አይገኝም፤ «ቢፈቅድ» የሚልም አይገኝም። ሰውየው ምን እንደሚል የሚጠይቅ አንቀጽ አልተጻፈም። ውሉ ሰውን የተመለከተው ጠፍቶ እንደ ተገኘ ንብረት ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ከዚህ የተነሣ ከምዕራባውያኑ ክፍል ብቻ እስከ 1945 መጸው ድረስ ሁለት ሚሊዮን ያህል የሶቪየት ዜጎች ተላለፉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ አገራቸውንና ዘመዶቻቸውን ናፍቀው፥ እየዘፈኑ ባቡር የገቡ ናቸው። የፈሩትም የፈሩት በከንቱ አልነበረም። በኦገስት 1941 ስታሊን ባወጣው ትእዛዝ እጁን የሰጠ የጦር አዛዥ እንደ ከዳተኛ እንዲቆጠርና ቤተ ሰቡም እንዲታሰር ተነግሮ ነበርና፥ በጀርመን እጅ ወድቆ መኖር ራሱ የሚያስጠይቅ ነገር ሆኖ ነበረ። ተመላሹ ሁሉ በማጣሪያ ሰፈር ያልፍ ነበረ። ብዙ ዘመን ቆይተው ከተከፈቱት መዛግብት እንደ ታወቀው፥ ከተመለሱት 4.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ወደ ቤታቸው ተሰናብተዋል፤ ሌሎቹ ወደ ጦር ሠራዊት ወይም ወደ ሥራ ጓድ ተመድበዋል፤ ከመቶ ስድስት ተኩል ያህሉ ለጸጥታው ፖሊስ ተላልፈዋል። ይህ ቍጥር ዛሬ ሲነበብ ከተፈራው ያነሰ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በጀርመን ሰፈር ተቀምጦ የሚመክረው ሰው ከየትኛው ክፍል እንደሚደርሰው የሚነግረው አልነበረም። በሰላም ቤታቸው የገቡትንም ጥርጣሬ ተከትሏቸው ኖሯል፤ የእነዚህን ተመላሾች መብት በሕግ የመለሰ ዐዋጅ በሩሲያ የወጣው በጃንዋሪ 1995፥ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ «የሶቪየት ዜጋ» ማን ነው? የሚለው ጥያቄ መጣ። አሜሪካና እንግሊዝ በሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 የነበረውን ወሰን መለኪያ አደረጉ። በዚያ ቀን የኢስቶንያ፥ የላትቪያ ወይም የሊትዌንያ ሰው የነበረ ለመመለስ አይገደድም፤ በዚያን ጊዜ ፖላንድ ከያዘችው ከልቮቭ አውራጃ የመጣ ዩክሬናዊም እንዲሁ። ከኪየቭ የመጣው ዩክሬናዊ ግን ይገደዳል። ሁለቱ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፤ ምናልባትም በአንድ ፋብሪካ ጎን ለጎን ሠርተዋል፤ ዕድላቸውን የለየው ያ አንድ ቀን ነው። ስለዚህ ወረቀቱን አቃጥሎ «የፖላንድ ሰው ነኝ» ያለ፥ የመንደሩን ስም የለወጠ፥ መርማሪው የሚጠይቀውን የሩቅ ከተማ መንገዶችና አብያተ ክርስቲያናት በቃሉ ያጠና ብዙ ነበረ። ይህን ሐሰት ብለን ለመፍረድ ልባችን አይጨክንም።

በግድ ከተደረጉት መላላኮች ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነው በኦስትሪያ በድራው ሸለቆ፥ ሊየንዝ በምትባል ከተማ አጠገብ የተደረገው ነው። በዚያ የሰፈሩት ኮሳኮች ሚስቶቻቸውን፥ ልጆቻቸውን፥ ሽማግሌዎቻቸውንና ፈረሶቻቸውን ይዘው ነበረ። ወንዶቹ ከጀርመን ጋር ሆነው ስለ ተዋጉ፥ ይህ የሚያስጠይቃቸው መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ከመካከላቸው ከ1920 ገደማ ጀምሮ በስደት የኖሩና የሶቪየት ዜጋ ሆነው የማያውቁ፥ በራሱም በያልታው ውል የማይነኩ ነበሩ። በሜይ 28 ቀን 1945 እንግሊዞች መኰንኖቹን «ከፍተኛው አዛዥ ሊያነጋግራችሁ ይሻል» ብለው በመኪና ወሰዷቸውና በማግስቱ አስረከቧቸው። ከእነዚህ አንዱ ሽማግሌው ጄኔራል ፒዮትር ክራስኖቭ ነበሩ፤ በጃንዋሪ 1947 ሞስኮ ላይ በስቅላት ተቀጡ።

ጁን 1 ቀን የሕዝቡ ተራ ደረሰ። ካህናቱ በሜዳው ላይ መንበር አቁመው፥ መስቀልና ሥዕል ይዘው ቅዳሴ ጀመሩ። ሕዝቡ ሴቶችንና ሕፃናትን መካከል አግብቶ፥ ወንዶቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ዙሪያውን ቆሙ። ወታደሮቹ በጠመንጃ ሰደፍና በዶማ እጀታ እየመቱ ከዳር ከዳር እየነጠሉ ወደ መኪና ይጭኑ ጀመር። ሕዝቡ ተጨናንቆ አጥሩን ሰበረ፤ ከሰው እግር በታች የሞቱ አሉ፤ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ወንዙ የገቡ እናቶችም አሉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት የቀረው ተጫነ። ይህን ሥራ የሠሩት ወታደሮች ራሳቸው ብዙዎቹ እያለቀሱ እንደ ሠሩት ተጽፏል። ወንዱ ከጠላት ጋር በመሰለፉ ይፈረድበት ይሆናል፤ ሕፃኑ ግን በምን ሕግ?

በዚያው ዓመት ኦገስት 12 ቀን በጀርመን አገር ኬምፕተን ላይ የአሜሪካ ወታደሮች ቤተ ክርስቲያን ገብተው የሚጸልየውን ሰው ጎትተው አወጡ። እንዲህ ያለው ነገር ሲደጋገም የጦር መኰንኖቹ ራሳቸው ማጉረምረም ጀመሩ፤ ጄኔራል አይዘንሃወርም ጉዳዩ እንደ ገና እስኪመረመር ድረስ ኀይል መጠቀሙ እንዲቆም አደረጉ። በዓመቱ መጨረሻ የወጣው የአሜሪካ መመሪያ ግዳጁን ጠበበ፤ በጀርመን የጦር ልብስ የተያዘ፥ ከሶቪየት ሠራዊት የከዳ፥ ወይም ጠላትን በፈቃዱ ያገለገለ ብቻ በግድ እንዲላክ አዘዘ። እኛ እንደምናየው ይህ ለውጥ የመጣው ከመሪዎች ጉባኤ አይደለም፤ ተጎትተው የወጡት ሰዎች ስለ ጮኹና ጎታቾቹም ያንን ጩኸት ስለ ሰሙ ነው።

የፖላንዶቹ ነገር ከዚህ የተለየ ነው። እነርሱን ማንም አልጎተተም፤ ችግራቸው ግን አገሪቱ ራስዋ ቦታዋን መለወጧ ነበረ። ከጦርነቱ በኋላ የፖላንድ ምሥራቃዊ ክፍል ለሶቪየት ኅብረት ሆነ፤ በምትኩም በምዕራብ በኩል ከጀርመን መሬት ተሰጣት። ስለዚህ የልቮቭ ወይም የቪልኖ ተወላጅ «አገርህ ግባ» ሲባል፥ የሚገባው የጀርመን ቤተ ሰብ ወደ ወጣበት፥ ስሙን ወደማያውቀው ከተማ ነው። የአባቱ ርስት፥ የእናቱ መቃብር ከወሰን ማዶ ቀርቷል። በዋርሶም በሞስኮ የሚደገፍ አዲስ መንግሥት ተቀምጧል። እንግዲህ ይህ ሰው ቢመለስ ተመለሰ ሊባል ይችላልን?

ሰፈሮቹን ያስተዳድር የነበረው የተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና የማቋቋሚያ አስተዳደር፥ በአጭሩ «አንራ» የሚባለው ነው። በ1943 በኖቬምበር ወር ይህን ድርጅት ለማቋቋም ከፈረሙት 44 መንግሥታት አንዷ አገራችን ኢትዮጵያ ነበረች። አንራ ገንዘቡም ዘመኑም እያለቀ ስለ ሄደ ሰው እንዲመለስለት ቸኮለ፤ በ1946 መጸውም አንድ ዘዴ አገኘ፤ ይኸውም ለሚመለስ የፖላንድ ሰው ሁሉ የ60 ቀን ስንቅ መስጠት ነው። በባቫርያ ቪልድፍሌከን በሚባለው ትልቅ የፖላንዶች ሰፈር ስንቁ በጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ይታይ ነበረ፤ ለማኅበርተኛ ሁሉ ያ ዱቄትና ያ ስብ የልጆቹ የክረምት ምግብ ሆኖ ታየው። ከዚህ በኋላ የሚመለሰው ሰው ለጥቂት ወራት በርከት አለ። ስንቁ ማስገደድ ነውን? አይደለም ይባል ይሆናል። ነገር ግን የተራበ ሰው ፊት ስንቅ ዘርግቶ «በነጻ ፈቃድህ ወስን» ማለት ምን ያህል ነጻ እንደሆነ አንባቢው ይፍረድ። የሆነው ሆኖ ከተመለሱት ብዙዎቹ ለስንቁ ሲሉ ብቻ እንዳልተመለሱ ማመን ይገባል፤ የፈረሰ አገር የሚሠራ እጅ እንደሚፈልግ ያውቁ ነበርና።

የአይሁድ ነገር ከሁሉም ይከፋል፤ ብዙዎቹ መመለስን ሞክረውት ነበርና። ከሞት ሰፈር የወጣው ሰው ሚስቱን ወይም ልጁን አገኝ እንደ ሆነ ብሎ ወደ ፖላንድ ተመልሶ ቢሄድ፥ በቤቱ ሌላ ሰው ተቀምጦበት፥ ከዘመዶቹም አንድ እንኳ ሳይቀር አልቆ ያገኛል። በጁላይ 4 ቀን 1946 ኪየልፄ በምትባል የፖላንድ ከተማ «ሕፃን ደብቀዋል» በሚል የሐሰት ወሬ የተነሣ ሕዝብ 42 አይሁድ ገደለ። ጦርነቱ ካለቀ ከዓመት በኋላ ማለት ነው! ከዚያ ወዲያ ባሉት ጥቂት ወራት መቶ ሺህ ያህል አይሁድ ከፖላንድ እየወጡ፥ ወደዚያችው ወደ ጀርመን፥ በአሜሪካኖች ጥበቃ ወደ ነበሩት ወደ ላንድስበርግና ወደ ፎረንቫልድ ወደመሳሰሉ ሰፈሮች መጡ። ሰው ከወላጅ መንደሩ ይልቅ የገዳዩ አገር የተሻለ መጠጊያ የሚሆንበት ጊዜ መምጣቱን ታሪክ መዝግቦታል።

ይህ ሁሉ በሰፈሮቹ ሲሆን ነገሩ በ1946 መጀመሪያ ለንደን ላይ በተሰበሰበው በመጀመሪያው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቀረበ። የሶቪየቱ መልእክተኛ አንድሬይ ቪሺንስኪ አሳባቸው ግልጽ ነበረ፤ ጦርነት ካለቀ በኋላ አገሩ የማይገባ ሰው የሚፈራው ነገር ያለው ከዳተኛ ነውና መንግሥታት ሊቀልቡት አይገባም የሚል ነው። የአሜሪካ መልእክተኛ የነበሩት ወይዘሮ ኤሊኖር ሩዝቬልት፥ ሰው በአገሩ ከቆመው መንግሥት ጋር ሳይስማማ ከዳተኛም ሳይሆን ሊኖር እንደሚችል፥ ለምሳሌም ከፍራንኮ የሸሹትን የስፔን ስደተኞች እያነሡ መለሱ። እኛ የቪሺንስኪን ክርክር ፈጽሞ ከንቱ ነው አንልም፤ በሰፈሮቹ ውስጥ እጃቸው በደም የተጨማለቀ ሰዎች ተሸሽገው እንደነበሩ በኋላ ተረጋግጧልና። ስሕተቱ የጥቂቶቹን ኀጢአት የሁሉ ማድረጉ ነው።

ጉባኤው በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1946 የወሰነው ውሳኔ ሁለቱንም አሳብ በአንድነት ይዟል። ዋናው ሥራ ሰዎቹ ቶሎ አገራቸው እንዲገቡ ማበረታታትና መርዳት ነው ይላል፤ የጦር ወንጀለኞችና ከዳተኞች በዚህ ሊከለሉ አይችሉም ይላል፤ ነገር ግን በፍጹም ነጻነት፥ እውነቱን ሁሉ ከተረዳ በኋላ፥ የአገሩም መንግሥት የሚለውን ከሰማ በኋላ፥ በበቂ ምክንያት «አልመለስም» ያለ ሰው ሊገደድ አይገባም ይላል። «እውነቱን ከተረዳ በኋላ» የምትለዋን ቃል ልብ ማለት ያስፈልጋል። በሰፈር የሚኖር ሰው የሚወስነው በወሬ ነው፤ አንዱ ደብዳቤ «ና፥ ቤቱ ቆሟል» ይላል፤ ሌላው ዝም ይላል፤ ዝምታውም ይተረጐማል። ሳያውቅ የመለሰው እሺታም ሆነ እንቢታ ውሳኔ ሊባል እንደማይችል ጉባኤው ማስተዋሉ የሚመሰገን ነው።

በአንራ እግር የተተካው ዓለም አቀፍ የስደተኞች ድርጅት ከ1947 ጀምሮ እስከ 1952 መጀመሪያ በሠራበት ዘመን ወደ አገራቸው የመለሳቸው 73 ሺህ ያህል ሲሆኑ፥ በሌላ አገር ያሰፈራቸው ግን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው። አሜሪካ 400 ሺህ ያህል፥ አውስትራልያ 170 ሺህ ያህል ተቀበሉ። ነገር ግን «አልመለስም» ማለት ዋጋው ቀላል እንዳይመስለን። ቤልጂግ ለከሰል ጉድጓድዋ፥ እንግሊዝ ለሆስፒታሎችዋና ለፋብሪካዎችዋ፥ አውስትራልያ ለመንገድና ለግድብ ሥራዋ ጉልበት ያለውን ወጣት መረጡ። መልማዮቹ የሰውን ክንድና ደረት እየመረመሩ ሲያልፉ፥ ሳንባው የታመመው፥ አካለ ስንኩሉና ሽማግሌው ተመላሽ ይሆኑ ነበረ፤ የአንድ ሕፃን በሽታ ቤተ ሰቡን በሞላ ያስቀር ነበረ። የተማረም ሰው ቢሆን የሚጠየቀው እጁን እንጂ ዕውቀቱን አልነበረም። መምህራን አንባቢዎቻችን ይህን ቢያውቁ ደስ ይለናል፤ የባልቲክ ምሁራን በ1946 ሐምቡርግ ላይ፥ ቀጥሎም በፒነበርግ፥ በስደት ሰፈር የራሳቸውን ዩኒቨርሲቲ አቁመው እስከ 1949 ድረስ አስተምረዋል። ፕሮፌሰሮቹ በኋላ የትም ቢበተኑ፥ ሰው ለመሄጃው ሳይሆን ለአእምሮው ሲል እንዲህ ማድረጉ ያስደንቃል። የመጨረሻው የአይሁድ ሰፈር ፎረንቫልድ የተዘጋው በፌብሩዋሪ 1957 ነው፤ ጦርነቱ ካለቀ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል።

ከእነዚህ ስደተኞች ጥቂቶቹ ወደ እኛ ክፍለ ዓለም ደርሰዋል። ሶቪየቶች በ1940ና በ1941 ከምሥራቅ ፖላንድ ወደ ሳይቤሪያና ወደ ካዛክስታን ካጋዟቸው ሰዎች ወገን፥ በ1942 በኢራን በኩል የወጡ 18 ሺህ ያህል ሴቶች፥ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ሰፈሩ። በአሩሻ አጠገብ በተንገሩ ብቻ 5 ሺህ ያህል ነበሩ፤ በኡጋንዳ በማሲንዲ አጠገብ የሠሩት ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ቆሟል። ጦርነቱ ሲያልቅ እነርሱም ያው ጥያቄ ቀረበላቸው፤ የሚበዙትም ስለ ሳይቤሪያ ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም ነበርና፥ አልተመለሱም።

አፍሪካ ነጻ መውጣት ስትጀምር ደግሞ ጥያቄው የራስዋ ሆነ። በ1960ዎቹ ዓመታት ከሩዋንዳ፥ ከኮንጎ፥ ከደቡብ ሱዳን፥ ፖርቱጋልም ከያዘቻቸው ከአንጎላ፥ ከሞዛምቢክና ከጊኒ ቢሳው ብዙ ሕዝብ ወሰን ተሻገረ። በ1951 የተጻፈው የዓለም የስደተኞች ውል ስደተኛን ወደሚያስፈራው ስፍራ መልሶ መግፋትን ከልክሏል፤ በፈቃድ ስለመመለስ ግን በአንቀጽ የደነገገው የለም። ያን ያደረገው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም.፥ በዓመቱ መጨረሻ ዕለት፥ አዲስ አበባ ላይ የተቀበለው ውል ነው። አምስተኛው አንቀጹ ማንም ስደተኛ ያለ ፈቃዱ እንዳይመለስ ይደነግጋል። ደግሞም በለንደን ውሳኔ በጭላንጭል የታየውን አስፍቶ፥ የተመላሹ አገር መንግሥት የሚመለሱትን በሙሉ የዜግነት መብት እንዲቀበል፥ ስለ ተሰደዱም እንዳይቀጣቸው፥ ያለውንም ሁኔታ አስታውቆ ያለ ሥጋት እንዲገቡ እንዲጠራቸው ያዛል። የኮሳኮቹ ልጆችና የቪልድፍሌከን እናቶች ያጡት ቃል ይህ ነበረ። ኢትዮጵያም በዚያው በ1969 በኖቬምበር ወር የ1951ን ውል ተቀበለች።

የአዲስ አበባው ውል ገና በሥራ ላይ ሳይውል (የጸናው በጁን 1974 ነው) አሳቡ የሚፈተንበት ጊዜ መጣ። በ1972 በዚህችው ከተማ በሱዳን መንግሥትና በደቡቦቹ መካከል ስምምነት በተፈረመ ጊዜ፥ በኡጋንዳ፥ በዛየር፥ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክና በኢትዮጵያ የነበሩ ደቡብ ሱዳናውያን አገራቸው ገቡ፤ እርሻቸውን ቀለሱ፥ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አገቡ። ዐሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ በ1983 ጦርነቱ እንደ ገና ተነሣ፤ የዚያች አገር ሰዎችም ሁለተኛ ወሰን ተሻግረው በጋምቤላ፥ ባሮ ወንዝ ዳር፥ ኢታንግ ላይ ሰፈሩ።